ዱቄቱ ለችግረኛ፣ ጣፋጩ ለእኛ?

በበዓል ሰሞን በየአጥቢያችን የሚለጠፈውን ዝርዝር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም ብርድ ልብስ። ወጣቶች ይሰበስባሉ፣ በፌስታል ይከፋፍላሉ፣ ቤት ለቤት ያደርሳሉ። መልካም ሥራ ነው፤ ሊቀጥልም ይገባዋል። ነገር ግን በዚያ ዝርዝር ላይ ጣፋጭ ነገር ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ኬክ የሚቆረሰው በእኛ ልደት፣ በእኛ ምረቃ፣ በእኛ የኅብረት ፕሮግራም ላይ ነው። ለችግረኛው የሚያኖረውን እንሰጣለን፤ ደስ የሚያሰኘውን ለራሳችን እናስቀራለን።

ይህን የምናደርገው በክፋት አይደለም። “መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይቅደም” የሚል ሐሳብ በውስጣችን ስላለ ነው። ይህ ሐሳብ እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ እስከ የት ድረስ ነው እውነት የሚሆነው? ዛሬ አብረን እንድናስብበት የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ነገሩን በጭብጥ እንድናየው ደግሞ አንድ ቀላል ምግብ በእጃችን እንያዝ፦ በቤት ውስጥ የሚጋገር የኮክና የአጃ ጣፋጭ። ክረምት ነው፤ ኮክ በየመንገዱ ዳር አለ።

አሠራሩ

አሜሪካውያን “ክሪስፕ”፣ እንግሊዞች “ክራምብል” ይሉታል። ከታች የበሰለ ፍራፍሬ፣ ከላይ ፍርፋሪ የመሰለ የአጃ ልባስ ያለበት ነው። ኬክ ጋግሮ የማያውቅ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ እንቁላል መምታት የለም፣ ሊጥ ማቡካት የለም፣ እርሾ መጠበቅ የለም።

አንድ ኪሎ ገደማ የበሰለ ኮክ ውሰዱ። በፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ አዛውሩት፤ ልጣጩ በጣት ይለቃል። የእኛ አገር ኮክ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ስለሆነና ከውስጡ ፍሬ ጋር ስለሚጣበቅ ዙሪያውን በቢላ እየቆረጣችሁ አውጡት። ፍሬውን ሰብራችሁ አስኳሉን እንዳትበሉ፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር አለበት። የተቆረጠ ኮክ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ያዘገየዋል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሳችሁ አገላብጡት። ዱቄቱ ኮኩ ሲሞቅ የሚለቀውን ውሃ ይዞ መረቁን ያወፍረዋል፤ እሱ ከተረሳ ከታች የምታገኙት ሾርባ ነው።

ለላዩ አንድ ኩባያ ጠፍጣፋ አጃ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ቁንጥር ጨው አዋህዱ። 100 ግራም ያህል የቀዘቀዘ ለጋ ቅቤ ጨምራችሁ በጣታችሁ ጫፍ እያሻችሁ ፍርፋሪ አድርጉት። ለቅንጬ የተከካው አጃ ለዚህ አይሆንም፤ እንዳለ ከተጋገረ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ጠፍጣፋው በእንፋሎት ከሞቀ በኋላ ተጨፍልቆ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል።

ኦቨን ካለ በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። መረቁ በጠርዙ በኩል ሲንተከተክና ላዩ ቡናማ ሲሆን ደርሷል። ኦቨን ከሌለ እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የሚጋግሩበት ዘዴ አለ፤ ወፍራም ድስት፣ ከታች ረጋ ያለ ፍም፣ በብረት ክዳኑም ላይ ፍም። ካወጣችሁት በኋላ ሩብ ሰዓት ታገሡት። መረቁ የሚረጋው በረድ ሲል ነው።

ከማጣት የመጣ ጣፋጭ

አሁን ከፊታችን ያለው ነገር የሀብታም ምግብ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት ምግብን በራሽን ማከፋፈል ጀመረ። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1940 ቅቤና ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ ራሽኑ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ1954 ነው። ፍራፍሬን በሊጥ ጠቅልሎ መጋገር ብዙ ዱቄትና ብዙ ቅቤ ይፈልጋል። ፍርፋሪውን ከላይ መነስነስ ግን በትንሹ ይበቃል፤ የጎደለውንም አጃ ይሞላዋል። ክራምብል በዚያ አገር ቤቶች ውስጥ የተስፋፋው በዚያ የእጥረት ዘመን እንደሆነ ይነገራል።

የአጃ ታሪክም እንዲሁ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታዋቂ መዝገበ ቃላት ውስጥ አጃን ሲተረጉም፣ በእንግሊዝ ለፈረስ የሚሰጥ በስኮትላንድ ግን ሰው የሚበላው እህል ነው ብሎ ጎረቤቶቹን ተሳልቆባቸዋል። በእኛም አገር ስናር የሚባለው የአጃ ዘመድ በገብስና በስንዴ ማሳ ውስጥ ሳይዘሩት የሚበቅል ነው። የሳይንስ ስሙ እንኳ አገራችንን ይጠራል፤ አቬና አቢሲኒካ ይባላል። ማንም ለክብር እንግዳ አስቦ አልዘራውም። ዛሬ ግን አጃ የአራስ አጥሚት፣ የሕፃን ገንፎ፣ የታማሚ ሾርባ ሆኗል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። “ጣፋጭ የቅንጦት ነገር ነው፤ ለድኻ ቤት አይመጥንም” የሚለው አስተሳሰብ ድኻን ከሩቅ ከሚያይ ሰው የሚመጣ ነው። ድኾች ራሳቸው እንደዚህ አያስቡም። በአገራችን እጅግ በተቸገረ ቤት ውስጥ እንኳ እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ ከተገኘ ፈንድሻ ይቀርባል። ቡና ረኀብ አያስታግሥም። ቢሆንም ያ ቤት ከዱቄቱ ቀንሶ ቡና ይገዛል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሰው ለመኖር ብቻ እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው።

የሚቀድምና የሚበልጥ

ተቃውሞውን ግን በቀላሉ ማለፍ የለብንም። የሐዋርያው ያዕቆብ ቃል ግልጽ ነው፦ የሚለብሰውና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድም ወይም እኅት በመልካም ቃል ብቻ ከተሰናበተ፣ ምንም አልተጠቀመም (ያዕ. 2፥15-16)። ለተራበ ሰው ግጥም ማንበብ ግፍ ነው። ለተራበ ልጅ ከእንጀራ በፊት ኬክ ማቅረብም ጥበብ አይደለም። በሚያስፈልገውና ደስ በሚያሰኘው መካከል ምርጫ ከመጣ የሚያስፈልገው ይቅደም። በዚህ አልከራከርም።

ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። “ይቅደም” ያልነውን “ይበቃል” ወደሚል እንለውጠዋለን። እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ አይደሉም። ቤት ሲሠራ መሠረት ይቀድማል፤ ነገር ግን መሠረት ላይ የሚኖር ሰው የለም። የሚቀድም ሁሉ የሚበልጥ አይደለም። እኛ ግን በየዓመቱ፣ በየበዓሉ፣ ለዚያው ሰው መሠረቱን ብቻ እያደረስን እንመለሳለን። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ሰው በእኛ ዐይን ስም ያለው ሰው መሆኑ ይቀርና የፍላጎቶች ዝርዝር ይሆናል፦ አምስት ኪሎ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ዘይት። እሱም ቀስ በቀስ ራሱን በእኛ ዐይን ማየት ይጀምራል።

እግዚአብሔር ሕዝቡን በምድረ በዳ እንዴት እንደመገበ ተመልከቱ። ያ ሕዝብ የተራበና የሚያጉረመርም ነበር። ሕይወቱን ለማቆየት ጣዕም የሌለው ነገር ይበቃው ነበር። መጽሐፍ ግን የመናው ጣዕም ማር እንዳለበት ቂጣ እንደ ነበረ ይነግረናል (ዘጸ. 16፥31)። ይህን ቃል ስናነብ ቶሎ እናልፈዋለን። ማር! በበረሃ፣ ለሚያጉረመርም ሕዝብ፣ ለአርባ ዓመት በየማለዳው የወረደው ራሽን ጣፋጭ ነበረ። ሰጪው የሚሰጠውን ሲያስብ የተቀባዩን ሆድ ብቻ አላሰበም።

በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ደግሞ የተመለሱት ምርኮኞች የሕጉን ቃል ሰምተው አለቀሱ። መሪዎቻቸው ግን አታልቅሱ አሏቸው፤ የሰባውን እንዲበሉ፣ ጣፋጩንም እንዲጠጡ ነገሯቸው። ወዲያውም ትእዛዙን ቀጠሉ፦ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ሰዎች ድርሻ እንዲልኩላቸው (ነህ. 8፥10)። ትእዛዙን በጥንቃቄ አንብቡት። ለራሳችሁ ጣፋጩን፣ ለእነርሱ ጥሬ እህል አይልም። ከአንዱ ማዕድ፣ ከዚያው ከጣፋጩ ድርሻ ይሂድላቸው ነው የሚለው። የጌታ ደስታ ኃይላችሁ ነው የሚለውን የዚህን ክፍል ሐሳብ በመዝሙራችን እናውቀዋለን፤ ከጎኑ ያለውን ድርሻ የመላክ ትእዛዝ ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

“ይህ ገንዘብ ለድኾች ቢሰጥስ?”

ከእናንተ መካከል አንዱ እንዲህ ሊል ይችላል፦ “መምህር፣ ቅቤና ስኳር በዚህ ዘመን ውድ ነው። በዚያው ገንዘብ ተጨማሪ ዱቄት ብንገዛ አይሻልም?” ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ በፊትም ተጠይቋል። በቢታንያ ማርያም ሽቶውን በጌታ እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ይሁዳ ይህ በሦስት መቶ ዲናር ተሸጦ ለድኾች ለምን አልተሰጠም አለ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ዮሐንስ ግን ይሁዳ ይህን ያለው ለድኾች ገዶት እንዳልሆነ ይነግረናል (ዮሐ. 12፥4-6)።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይሰናከላል። አንደኛው ይሁዳን እየጠቀሰ ስለ ድኻ የሚናገረውን ሁሉ አፍ ያስዘጋል። ይህ ትልቅ በደል ነው፤ ጌታ ድኾች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው ሲል ያስታወሰን የኦሪት ዘዳግም ክፍል ስለዚህም እጅህን ክፈት ብሎ ነው የሚያዝዘው (ዘዳ. 15፥11)። ሁለተኛው ደግሞ ለደስታ የወጣውን ወጪ ሁሉ ብክነት ይለዋል፤ የሚገርመው ግን ይህን ሒሳብ የሚያወጣው በራሱ ማዕድ ላይ አይደለም። በእኛ ምረቃ ላይ የታዘዘውን ኬክ ማንም ወደ ዱቄት አልመነዘረውም። ሒሳባችን ጥብቅ የሚሆነው ጣፋጩ ወደ ድኻው ቤት ሊሄድ ሲል ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ሒሳብ ላይ አይደለም።

አንድ ማንኪያ

አንድ ጊዜ በነሐሴ ወር ከወጣቶቻችን ጋር ለጉብኝት ወጣን። በዕለቱ የምንደርስባቸው ቤቶች አራት ነበሩ። ለእያንዳንዱ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ይዘናል። ከመካከላችን አንዷ ደግሞ በዋዜማው የጋገረችውን የኮክና የአጃ ጣፋጭ በሳህን ሸፍና ይዛለች። የመጀመሪያው ቤት የአንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበር፤ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደሉም፤ ጊዜውም የፍልሰታ ጾም ነበር።

ዱቄቱን ተቀበሉ፣ መረቁን፣ “እግዜር ይስጥልኝ” አሉ። ሳህኑ ሲገለጥ ግን ዝም አሉና፣ “ልጄ፣ እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ” አሏት።

“አውቃለሁ እማማ፤ ቅቤ የለበትም። በዘይት ነው የሠራሁት” አለች። ጎረቤታቸው ስለሆነች መጾማቸውን ታውቃለች፤ ስኳር በሽታ እንደሌለባቸውም አስቀድማ ጠይቃለች።

“እናንተስ?”

“እኛ የምንሄድበት አለን፤ እርስዎ ይብሉት።”

“ብቻዬን ከበላሁትማ ምኑን ጣፈጠ!” አሉና ተነሡ። በቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ማንኪያ ነበር። ማንኪያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ ረከቦቱ ወጣ፣ ቡናው ተቆላ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ስለ ወጣትነታቸው፣ ስለ ሞቱባቸው ልጅ፣ በልጅነታቸው ከዛፍ ላይ ኮክ ሲያወርዱ ስለወደቁበት ቀን አወጉን። በመጨረሻ ሲመሽ ከአራቱ ቤቶች የደረስነው ሁለቱን ብቻ ነበር።

ስንመለስ ወጣቶቹ ተከራከሩ። ገንዘብ የሚይዘው ልጅ፣ “ሁለት ቤት ዱቄት እየጠበቀ አድሯል። ምናልባት የዛሬ ራታቸው ነበር። እኛ ቡና ጠጣን” አለ። ጣፋጩን የጋገረችው ልጅ ደግሞ፣ “እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ተመላልሰናል። ስማቸውን ዛሬ ነው የሰማነው” አለች።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የመጀመሪያው ልጅ ድምፅ እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ያለ እርሱ የእኛ ርኅራኄ ወደ ራሳችን ስሜት ማስደሰቻ ይለወጣል። ስለዚህ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አሠራሩ ተለወጠ፦ ዱቄቱ ለሁሉም በጠዋት ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ በየተራ በአንድ ቤት እንቀመጣለን። የሚቀድመው ቀደመ፤ የቀረውም አልቀረም። ነገር ግን ያቺ ልጅ ያየችውን ሌሎቻችን ዘግይተን ነው ያየነው። ዱቄቱ እኚያን እናት ተቀባይ አደረጋቸው፤ ጣፋጩ ግን አስተናጋጅ አደረጋቸው። የሰጠናቸውን ነገር መልሰው ለእኛ ሰጡን። ዱቄትን እንዲህ አድርጎ መመለስ አይቻልም። ሰው ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ እርሱም መስጠት መቻሉ ነው፤ ይህን ደግሞ በፌስታል አናደርስለትም።

ቅቤው፣ ዘይቱና ሕሊና

በዚያ ሳህን ውስጥ ቅቤ አለመኖሩን ተራ ነገር አድርገን እንዳናልፈው። በዘይት የተሠራው ልባስ እንደ ቅቤው አይፈረፈርም፤ ጣዕሙም ትንሽ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ በዚህ ጾም ሕግ አልታሰርንም። “ነጻ ነን፤ እሳቸው ከፈለጉ ይተዉት” ማለት ይቻል ነበር። ጳውሎስ ግን ስለ መብል ለሮሜ ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ ነጻነቱን ያወቀ ሰው ፍቅርን ደግሞ እንዲያውቅ ነው የሚለምነው (ሮሜ 14፥15)። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ኦርቶዶክስ ናቸው። በፍልሰታ፣ በሑዳዴ፣ ቤታችሁ ውስጥ ይህ ጥያቄ በየቀኑ አለ። ለእናታችሁ የማትበላውን ነገር ጋግራችሁ ፊቷ ብታስቀምጡ የምትሰብኩት ወንጌል ሳይሆን ንቀት ነው። ቅቤውን በዘይት የለወጠ ሰው እምነቱን አልለወጠም፤ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ አስታወሰ እንጂ።

በቤት የተሠራ ነገር ከተገዛው የሚለይበት ቦታም እዚህ ይመስለኛል። ብዙዎች በእጅ የተሠራ ስጦታ ይበልጣል የሚሉት ስለተለፋበት ነው። ድካም ብቻውን ግን ስጦታን አያከብርም። ማርታ ደክማ ነበር፤ ድካሟ ግን በእኅቷ ላይ ክስ ሆነ (ሉቃ. 10፥40)። “ለፍቼ የሠራሁት እኮ ነው” ያልንበት ስጦታ ብድር ነው። እስከ ማታ በሥራ ላይ ውላ ጊዜ አጥታ ከሱቅ ብስኩት ገዝታ የምትመጣ እኅትም ፍቅሯ አያንስም። በእጅ መሥራት የሚጠቅመው ለማሰብ ጊዜ ስለሚሰጠን ነው። ኮክ እየላጠ ያለ ሰው ለማን እንደሚልጥ ያስባል፦ ትጾማለች ወይ? ስኳር ይከለከላል ወይ? ጥርስ አላቸው ወይ፣ ወይስ ይበልጥ ላለስልሰው? ይህን እያሰበ የገዛም ሰው ያው ነው። ይህን ሳያስብ የጋገረ ደግሞ የጋገረው ለራሱ ነው።

የተመታ ኮክ

አንድ ጥያቄ ቀረ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከለሰለሰና ከተመታ ኮክ ነው፤ ላዩ ስለሚሸፈን አይታወቅም። ታዲያ ለሰው የተመታ ፍሬ መስጠት ነቢዩ ሚልክያስ የገሠጸውን አንካሳና በሽተኛ መሥዋዕት ማቅረብ አይደለምን? ነቢዩ ያንን ለገዥህ አቅርበው፣ ይቀበልሃልን ብሎ ነበር (ሚል. 1፥8)። በሌላ በኩል ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ከገብስ እንጀራ ከመገበ በኋላ አንድም እንዳይጠፋ ፍርፋሪውን አሰብስቧል (ዮሐ. 6፥12)። የቱን እንከተል?

ሁለቱ አይጋጩም። በሚልክያስ ዘመን የነበሩት ሰዎች ደህናውን በረት ውስጥ አስቀርተው ነው አንካሳውን ያመጡት። የፍርፋሪው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሁሉም ከበላው ከዚያው እንጀራ የተረፈ ነበር። ስለዚህ መመዘኛው ኮኩ ላይ ያለው ምልክት አይደለም፤ በቤታችን የቀረው ነው። ደህናውን ለራሴ አስቀምጬ የተመታውን ለእማማ ከጋገርኩ፣ ስኳር ቢነሰነስበትም አንካሳ በግ ነው። የተበላሸውን ቆርጬ ጥዬ፣ ከአንዱ ሳህን እኔም እነርሱም ከበላን ግን ንጹሕ ስጦታ ነው። ልብሳችንን፣ ጫማችንን፣ ጊዜያችንንም በዚሁ እንመዝን። “ለአገልግሎት” የምንሰጠው ሰዓት የደከመንና ለሌላ የማይሆን ሰዓት ከሆነ፣ ሚልክያስ ለእኛም ይናገራል።

ወዳጆቼ፣ የዚህን ክረምት ኮክ ከመጨረሱ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። በየቡድናችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጋግሩ። ከኦቨኑ ሲወጣ፣ ማንም ሳይቀምሰው፣ መጀመሪያ የሚሄደውን ድርሻ ቁረጡ፤ ከዳሩ ሳይሆን ከመካከሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የሚበሉትንና የማይበሉትን ጠይቁ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፤ የሰው ድኽነት የእኛ ደግነት ማሳያ ፎቶ መሆን የለበትም። ዱቄቱን አትርሱ፤ በጠዋት አድርሱት። ከዚያም ማንኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተጨማሪ ማንኪያ። ቡና ከፈላ ደግሞ በረካው ሳይደርስ አትነሡ።